የጋሽ ታደሰ ቅጠል፣ የዳንኤል ዘይትና የኔ ወገብ

ሰው ሲታመም ዝም ብሎ መታመም የሚችልበት ከተማ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። አሜሪካ፣ ዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ ውስጥ እንደሆነ አልተቻለም። እዚህ ወገብህን ካመመህ ወገቡ ያንተ መሆኑ ይቀራል። ጎረቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ የሥራ ባልደረባው፣ ድሮ አንድ አፓርትመንት ተጋርቶ አብሮህ የኖረው ሁሉ ይካፈልሃል። የሚካፈሉህ ግን ሕክምናውን ነው፤ ሕመሙን ላንተ ይተዉልሃል።

የኔ ጉድ የጀመረው ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ነው። ሥራዬ በቫን በሽተኛ ማመላለስ ነው። አዛውንቶችን ከነዊልቸራቸው እጭንና ኩላሊት እጥበት፣ ዓይን ሐኪም፣ ጥርስ ሐኪም አደርሳለሁ፤ ሲጨርሱ ደግሞ ወደየቤታቸው እመልሳለሁ። የዚያን ቀን የአንዲት ሴትዮ ዊልቸር ከቫኑ ወለል ጋር በቀበቶ ላስር ጎንበስ አልኩ። መጎንበሱ በደንብ ሄደልኝ። ቀና ማለቱ ነው እምቢ ያለው። ሴትዮዋ ከላይ "አር ዩ ኦኬ፣ ሃኒ?" ትለኛለች፤ እኔ ከታች ጉልበቷን እያየሁ "አይም ፋይን፣ አይም ፋይን" እላለሁ። በመጨረሻ የቫኑን በር ተንጠላጥዬ ተነሳሁ፤ ያደረስኳትም እንደ ጥያቄ ምልክት ጎብጬ ነው።

ሐኪሙ ጡንቻ ነው አለኝ። ክኒን አዘዘልኝ፤ ጥቂት ቀን እረፍ አለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እናንተም ይህን አታነቡም፣ እኔም አልናደድም ነበር።

መጀመሪያ ሊጠይቁኝ የመጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ማለት በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ዴንቨር መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ስንት ዘመን ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ያዘነ የሚያጽናኑ ሰው ናቸው። እዚህ አገር ስመጣ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሠርጌ ላይ በአባቴ ቦታ የቆሙትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እኚህን ሰው ማን እምቢ ይላል? እኔ አልልም።

የሶፋውን ክንድ ጨብጠው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡና ከኮት ኪሳቸው ጥብቅ ተደርጋ የተቋጠረች ፌስታል አወጡ። ውስጧ አረንጓዴ ዱቄት አለ።

"ክራተም ይባላል" አሉኝ። "ከእስያ የሚመጣ ቅጠል ነው። እዚህ ሲጋራ የሚሸጠው ስሞክ ሾፑም፣ ነዳጅ ማደያውም ይሸጠዋል። በጠዋት በሞቀ ውኃ በጥብጠህ ጭልጥ ነው። ጉልበቴን ያዳነኝ ይሄ ነው!"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ዳንኤል ገባ። ዳንኤል ሌክውድ የሚኖር ጓደኛዬ ነው፤ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይሠራል፤ ጴንጤ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያላነበበው ነገር የለም። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የመጣው አንድ ብልቃጥ ከረሜላ ይዞ ነው።

"ሲቢዲ ነው" አለኝ። "ጋሚ ነው፣ እንደ ከረሜላ እያኘክ ትውጠዋለህ። ስትሬስ ይቀንሳል፣ ያስተኛል፣ ለወገብ ደግሞ ፐርፌክት ነው።" ከዚያ ዓይኑ ፌስታሏ ላይ አረፈ። "ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ክራተም ነው እንዴ ይሄ? ክራተም እኮ ልክ እንደ ኦፒዮይድ፣ እንደነ ሞርፊን ነው አንጎል ላይ የሚሠራው። ሱስ ያስይዛል።"

"ያንተው ከምን ተሠራ?"

"ከሄምፕ።"

"ሄምፕ ምንድን ነው?"

"ተክል ነው።"

"የምን ተክል?"

ዳንኤል ጉሮሮውን ጠረገ። "የካናቢስ ዘመድ ነው። ግን የሚያሰክረው ቲኤችሲ የለውም። ማለቴ፣ ቢኖረውም በጣም ትንሽ ነው።"

"ሐሺሽ ነዋ!"

"ሐሺሽ አይደለም፣ ጋሽ ታደሰ!"

"ሐሺሽ ካልሆነ የሐሺሽ ወንድም ነው። የኔ ቅጠል የማን ዘመድ እንደሆነ ታውቃለህ? የቡና! ከቡና ዘር ነው የሚቆጠረው። እስቲ አንተ ልጅህን ለየትኛው ቤተሰብ ትድራለህ?"

ዳንኤል ይህን ኢንተርኔት ላይ አላነበበውም መሰለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ብልቃጡን እያገላበጡ ያዩት ጀመር። አንዱን ከረሜላ ጫን ሲሉት እየተለጠጠ ተመለሰ።

"ይሄ የሚለጠጠው ነገር ምንድን ነው?"

ዳንኤል አነበበ። "ጀላቲን።"

"ጀላቲን የከብት አጥንትና ቆዳ ነው" አለች ባለቤቴ ጽጌ ከወጥ ቤት። ሎውሪ አካባቢ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ የሚበላውንም የማይበላውንም ታውቃለች።

"በዐቢይ ጾም!" አሉ ጋሽ ታደሰ። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ዳንኤል በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ሱስ ያስይዛል አያስይዝም፣ ከክኒኔ ጋር ይስማማል አይስማማም የሚለው ሁሉ ተረሳ። የሳይንሱ ክርክር በጾም ተዘጋ።

ዳንኤል ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። በማግስቱ ጋሚውን መልሶ በጠብታ የሚወሰድ ዘይት ይዞልኝ መጣ። "ሙሉ በሙሉ ፕላንት ቤዝድ ነው" አለኝ። "የጾም ነው። ለጋሽ ታደሰ ንገርልኝ።"

ዳንኤል እንደወጣ ጽጌ ፌስታሏንና ጠርሙሱን አንስታ ከፍሪጁ በላይ ባለው ካቢኔት ውስጥ ከተተቻቸው።

"ስማኝ" አለችኝ። "ከነዚህ አንዱን አፍህ ብታስጠጋ ሥራህን ተሰናበት። የዳንኤል ዘይት ውስጥ ትንሽ ቲኤችሲ ቢኖርና ድራግ ቴስት ላይ ቢወጣ፣ የጾም ዘይት ነው የወሰድኩት ብትላቸው ማን ይሰማሃል? የጋሼን ቅጠል ደግሞ ከሐኪሙ ክኒን ጋር ምን እንደሚያደርግህ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም።"

እውነቷን ነው። መሥሪያ ቤታችን ሾፌሩን ባላሰበው ቀን ጠርቶ ያስመረምራል፤ አንድ ነገር የተገኘበት ቁልፉን አስረክቦ ነው የሚወጣው። የመላው ቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ በኔ ሥራ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቁልጭ ያለ ነው። ብወስደው ሥራዬን አጣለሁ፤ አልወስድም ብል ጋሽ ታደሰን አስቀይማለሁ።

አስተዋይ ሰው ይሄኔ ምን ያደርጋል? ደውሎ "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ለሥራዬ ያሰጋኛል" ይላል። አለቀ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን ይሄ እምቢ የሚባለው ነገር ሲታደል አልነበርኩም መሰለኝ፣ ከአፌ አይወጣም። ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

"እህስ፣ ወሰድከው?"

"ወሰድኩት፣ ጋሼ።"

"መራራ ነው፣ አይደል?"

"ኧረ እንዴት ያለ መራራ!" አልኩ። ጣፋጭ መድኃኒት መቼ አውቃለሁ?

"ተሻለህ?"

"በጣም ተሻለኝ።"

ከሰዓት በኋላ ዳንኤል ደወለ። "ዘይቱስ? ከምላስህ ሥር ነው አይደል ያደረግከው?" "ከምላሴ ሥር።" "እንቅልፍስ?" "ኧረ ተወኝ፣ ሬሳ ነበርኩ!" ይህን ስለው የተኛሁት ሶፋ ላይ ነው፤ እንቅልፍ በዓይኔ ካልዞረ ሰንብቷል።

ይሄ ውሸት ነው ትሉኝ ይሆናል። ውሸት ራስን ለመጥቀም ነው፤ እኔ የተጠቀምኩት አንዳች ነገር የለም። ይሄ ይሉኝታ ነው። ጽጌ ልዩነቱ አይታየኝም ትላለች፤ እሷን ተዉአት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ታደሰ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው "ያንን ልጅ ያስነሳው ክራተም ነው" ብለው አወጁ። ዳንኤል በበኩሉ ለኅብረቱ ሰዎች በሙሉ ያዳነኝ ሲቢዲ መሆኑን መሰከረ። ከዚያ በኋላ ስልኬ እረፍት አጣ። የማላውቃት ሴትዮ ደውላ "ለእናቴ አጥንት የትኛው ይሻላል?" ትለኛለች። አንዱ "አንተ ሁለቱንም የሞከርክ ሰው ነህ፣ እስቲ አወዳድርልኝ" ይላል። ሳልቀምሳቸው የሁለት መድኃኒት አዋቂ ሆኜ አረፍኩት! ሐኪማችሁን ጠይቁ ስላቸው ደግሞ ይከፋቸዋል። "እሱ ድኖ ለኛ ምስጢሩን ደበቀን" ማለት ተጀመረ። ልቤ ውልቅ አለ።

ወገቤ እንዳለ ቢሆንም ሥራ ገባሁ። ጠዋት ሾፌሮቹ ቁልፍ የምንቀበልበት ክፍል ውስጥ ተሰብስበናል። ሱፐርቫይዘራችን ዳያን ቡናዋን ይዛ ቆማለች። ሰለሞን የሚባል አበሻ ሾፌር አለ፤ ክፋት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት፣ ግን አፉ ላይ በር የሌለው ልጅ ነው። ፈረንጅ ባለበት በአማርኛ ማውራት ነውር ነው ብሎ ስለሚያምን፣ እሷ ፊት ሰላምታውንም በእንግሊዝኛ ነው የሚያቀርበው። እንደገባሁ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና፣

"ማይ ፍሬንድ! ዊች ዋን ኢዝ ቤተር ፎር ዘ ባክ፣ ክራተም ኦር ሲቢዲ? ኤቭሪባዲ ሴይስ ዩ ቴክ ቦዝ!" አለ።

በአማርኛ ጠይቆኝ ቢሆን ምን ነበረበት? ዳያን ቡናዋን አስቀመጠች። ቁልፉን እንዳስረክብ ጠየቀችኝና ወደ ቢሮዋ ወሰደችኝ።

"አንዱንም አልወሰድኩም" አልኳት በእንግሊዝኛ።

"ታዲያ ለምንድን ነው ሰው ሁሉ ሁለቱንም ትወስዳለህ የሚለው?"

"ወሰድኩ ስላልኳቸው ነው።"

"ለምን አልካቸው?"

ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? "ኢን አወር ካልቸር" ብዬ ጀመርኩ። ጋሽ ታደሰ በሠርጌ የቆሙበትን፣ ዳንኤል ከሌክውድ ድረስ የመጣበትን፣ ጋሚው ጀላቲን ያለበት መሆኑን ሁሉ ዘረዘርኩ። ጀላቲኑ ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

"ማለት የፈለግከው፣ ሰዎች እንዳይከፋቸው ብለህ ዋሸህ?"

"የስ።"

"ለሁሉም ሰው?"

"ለሁሉም አይደለም። ለሚወዱኝ ብቻ።"

የዚያኑ ቀን ለምርመራ ላከችኝ። ክራተሙም ተጨምሮ ይታይ አለች፤ ውጤቱ እስኪመጣ ቤትህ ቆይ ተባልኩ።

ጽጌ ስትሰማ የያዘችውን ማማሰያ አስቀመጠች። ከዚያ "ሌላው ሰው ወስዶ አልወሰድኩም እያለ ይባረራል" አለች። "አንተ ሳትወስድ ወሰድኩ ብለህ ትባረር?" ልጃችን ቤቲ ደግሞ ከስልኳ ቀና ብላ "ዌት ዳድ፣ ዩ ጋት ኢን ትራብል ፎር ስታፍ ዩ ዲድንት ኢቭን ቴክ?" ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ቤት ተቀምጬ ጣራ ጣራ ሳይ ሰነበትኩ። የምርመራውን ነገር አልፈራሁም፤ የፈራሁት ባይገኝብኝም እንኳ "ይሄ ሰው አይታመንም" ብለው እንዳያሰናብቱኝ ነው። በእርግጥ ዊልቸር ሳላስር መዋሌ ለወገቤ ትንሽ በጅቶታል። ግን ለማን ይነገራል? ብናገር ሁለቱ በዚህም ይጣላሉ።

ውጤቱ መጣ። ምንም የለም፤ ንጹሕ ነኝ። ዳያን ቁልፌን መለሰችልኝና "ከእንግዲህ ሰው ሲጠይቅህ እውነቱን ንገር" አለችኝ። "እሺ" አልኳት፤ እሱንም እንዳይከፋት ብዬ ይሆናል።

ሰለሞን በጸጸት ሲሰቃይ ስለሰነበተ፣ የምሥራቹን ለመላው አውሮራ ያዳረሰው እሱ ነው። "ምንም አልተገኘበትም! ክራተሙንም ፈልገው አጡት!" እያለ። ሌላ ሰው ከዕፅ ነጻ ነህ ሲባል ደስ ይለዋል። የኔ ንጽሕና ግን በከተማው የተነገረ ቀን ውርደቴ ሆነ።

ዳንኤል እየጮኸ ደወለልኝ። "አሸነፍን!" አለኝ። "ሲቢዲ ራሱ እኮ ተራ ቴስት ላይ አይታይም፤ የሚታየው ቲኤችሲ ነው። የኔ ዘይት ጥራቱን አየኸው? ክራተሙን ግን ፈልገው አላገኙም። ስለዚህ ያንተ ወገብ የዳነው በኔ ዘይት ነው፤ ፕሩፍ አለኝ!"

"ለጋሽ ታደሰ እንዳትነግራቸው" አልኩት።

"ነገርኳቸው እኮ።"

ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ፤ አያነሱም። ጠዋት ጠዋት "እህስ" እያሉ የሚቀሰቅሱኝ ሰው ዝም አሉ። ያ ስልክ ሲጮህ ስማረርበት እንዳልኖርኩ፣ ሲቀር ቤቱ ጭር አለብኝ። አባቴ የተቀየመኝ ያህል ከፋኝ። ዋሽቼ ላለማስቀየም የለፋሁባቸውን ሰው፣ በዚያው ውሸት አስቀየምኳቸው።

በመጨረሻ ጽጌ ራሷ ደውላ ለቅዳሜ ምሳ ጠራቻቸው። ሴት ስትጠራ እምቢ አይሉም፤ መጡ። ዳንኤልንም ጠራነው። ጋሽ ታደሰ እንደ ልማዳቸው የሶፋውን ክንድ ጨብጠው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሽሮውን እንኳ በወጉ አልቀመሱም። ከካቢኔቱ ፌስታሏንና ጠርሙሱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው።

"አንዱንም አልወሰድኩም" አልኩ። "ለሥራዬ ፈርቼ ነው። ለእርስዎ ያንን ብሎ መናገር ግን አቃተኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።"

ዳንኤል ጠርሙሱን አንስቶ ክዳኑን አየ። ማሸጊያው አልተቀደደም። ድሉ ፊቱ ላይ ሲሟሽሽ አየሁት። ጋሽ ታደሰ ፌስታሏን አንስተው ወደ ብርሃን አቀረቡ። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። አሁን ሊረግሙኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ይሄ ቋጠሮ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የኔ አይደለም።"

"ምን አሉ፣ ጋሼ?"

"የመኰንን ነው። ጎረቤቴ መኰንን፣ ምስኪን፣ ለጉልበቴ ብሎ ነዳጅ ማደያ ገዝቶ ቋጥሮ ሰጠኝ። እኔ እንዲህ አጥብቄ አልቋጥርም።"

"እና አልፈቱትም?"

"ምን ቆርጦኝ የማላውቀውን ቅጠል እጠጣለሁ?"

ጽጌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ታዲያ ጉልበቴን አዳነኝ ያሉትስ?" አልኩ።

"እሱንማ ለመኰንን ነው ያልኩት። በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ ምን ልበለው? ለሱ አንዴ ዳንኩ ካልኩ በኋላ ላንተ ሌላ ልናገር ነው? እናንተ ትገናኙ የለ!"

ሁላችንም ወደ ዳንኤል ዞርን። ዳንኤል የጠርሙሱን ጀርባ ማንበብ ጀመረ።

"አንተስ?" አለችው ጽጌ።

"እኔማ ወገቤን አያመኝም" አለ። "አንብቤ ነው።"

አስቡት እንግዲህ። ጾም የተጠራበት፣ ዘር የተቆጠረበት፣ ሥራዬን ሊያሳጣኝ የነበረው ያ ሁሉ ክርክር ማንም አፉ ያላስጠጋው ነገር ላይ ነው። መኰንን ራሱ ቀምሶት እንደሆነም እጠራጠራለሁ። ሳቁ የጀመረው ከጽጌ ነው፤ ከዚያ ጋሽ ታደሰ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለመነሳት ሲሞክሩ ግን ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ መልሰው ተቀመጡ።

"ጉልበትዎስ፣ ጋሼ?" አለች ጽጌ።

"ያመኛል እንጂ" አሉ። "ደረጃ መውጣት ከተውኩ ቆየሁ። ግን አንዴ ዳንኩ ካልኩ በኋላ ማን ይጠይቀኛል?"

ይህን ያሉት በቀላሉ ነው። እኔ ግን አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ሽማግሎች ሐኪም ቤት ሳመላልስ እውላለሁ፤ እኚህ ሰው ቤቴ በመጡ ቁጥር የሶፋዬን ክንድ ጨብጠው ሲቀመጡ ግን አይቼ አላየሁም። ሳላማክራቸው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዝኩላቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ሲሯሯጥ ውሎ ዓይኑ ደም መስሏል። ሕመማቸው ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ጠየቃቸው።

"ሁለት በለው" አሉኝ።

"ጋሼ! መኪናው ውስጥ ዘጠኝ ነው አላሉኝም?"

"አታየውም እንዴ ልጁ እንዴት እንደደከመው? ዘጠኝ ስለው ምን ይሰማዋል?"

ከሳቸው ጋር መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። ዝም ብዬ ሱሪያቸውን ሰብስቤ ያበጠውን ጉልበት ላሳየው ጎንበስ አልኩ። መጎንበሱ በደንብ ሄደልኝ።

"ሰር፣ አር ዩ ኦኬ?" አለኝ ሐኪሙ ከላይ።

"አይም ፋይን" አልኩት፣ የጋሽ ታደሰን ጉልበት እያየሁ።

"ዶክተር፣ ዶንት ቢሊቭ ሂም" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ሂም ቱ" አልኩ እኔም ከታች።